ትርፍ ድምፅ

ጎንደር፣ ከፀጉር ቤት በላይ ያለች አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ፤ ከምሳ በኋላ ነው፤ ድምፅ ቀጂዋ ሜላት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፣ ለአዝማሪው ለይርጋ በጆሮው ግጥም እየሰጠ ዕድሜውን የጨረሰው ሞላልኝ በሩን ይዞ ቆሟል።

ሞላልኝ፦ እጅሽን ከዚያ ነገር ላይ አንሺ አልኩሽ።

ሜላት፦ እጄን ካነሳሁ በምን ልሥራ ጋሼ? ቆመው ከሚቆጡኝ ቁጭ ብለው ይቆጡኝ። ወንበሩ አይናከስም።

ሞላልኝ፦ አልቀመጥም። ስቀመጥ ነው ሰው የሚረሳኝ። ታች ፀጉር የምትሠራው ልጅ ባትነግረኝ ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር የምሰማው። "ሜላት ዛሬ የይርጋን ዘፈኖች ልታጸዳ ነው" አለችኝ። ቆሻሻው እኔ ነኝ ማለት ነው?

ሜላት፦ ማጽዳት የሥራው ስም ነው እንጂ እርስዎን ማለቴ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሞልቷል። አሁን ትንሽ ቆይቶ የመዝሙር ቡድን ይመጣል። አንድ መዝሙር የሚያስገባ ቦታ የለውም። ስለዚህ ዘፈኑ ውስጥ የማንጠቀምበትን ድምፅ አጠፋለሁ። በቃ ይኸው ነው።

ሞላልኝ፦ የማንጠቀምበት። እስቲ ድገሚልኝ።

ሜላት፦ ጋሼ፣ ቃል አይምዘዙብኝ።

ሞላልኝ፦ ስንት ሰው አለ እዚያ የማትጠቀሙበት?

ሜላት፦ ሳል አለ። በር ሲዘጋ አለ። ጋሽ ይርጋ ማሲንቋቸውን ሲቃኙ ብቻ ግማሽ ቀን የፈጀ ድምፅ አለ። የእርስዎም ድምፅ አለ።

ሞላልኝ፦ ከሳልና ከበር ቀጥሎ። ደህና ቦታ ነው የሰጠሽኝ። ይርጋማ ከዚህም ዝቅ ያደርገኛል።

ሜላት፦ እኔ ምን ላድርግ? ሰው የሚሰማው የሳቸውን ዘፈን ነው። እርስዎ በሹክሹክታ የሰጧቸው ግጥም ሙዚቃው ላይ እንዲሰማ አይፈለግም። ስለዚህ ቆርጬ ደብቄዋለሁ። እስከ ዛሬ ግን ተደበቀ እንጂ አልጠፋም። ማሽኑ ውስጥ ተኝቷል።

ሞላልኝ፦ ዛሬ ግን ልትገድይው ነው።

ሜላት፦ ዛሬ ግን ቦታ የለኝም።

ሞላልኝ፦ ሌላ ቦታ አኑሪው። እነዚያ ጥቁር ሳጥኖች አሉ አይደል፣ ሰው በኪሱ ይዟቸው የሚዞር?

ሜላት፦ የነበረችን አንዲት ዲስክ ናት፣ እሷም ባለፈው ከጠረጴዛ ወድቃ ድምጿ ጠፋ። ደግሞ ቢኖርስ? ከዚህ ቤት ቅጂ የሚወጣው ባለሥራው ሲፈቅድ ነው። ባለሥራው ጋሽ ይርጋ ናቸው። ፍላሽ ሰጥቼ ሸኘሁዎት ማለት እኔም አብሬዎት ከቤቱ ወጣሁ ማለት ነው። የስቱዲዮው ጌታ የማን ዘመድ እንደሆኑ ያውቃሉ።

ሞላልኝ፦ የይርጋ ሚስት ወንድም ነው። አውቃለሁ። ሠርጉ ላይ ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ስበላ ግን ከምሰሶው ጀርባ ነው ያስቀመጡኝ። ሙሽራዋን ሳላያት ነው ድግሱን ጨርሼ የወጣሁት። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም።

ሜላት፦ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ተሸክመው ኖሩ?

ሞላልኝ፦ ሌላ የሰጠኝ ነገር የለማ። የመጀመሪያው ካሴቱ የወጣ ጊዜ ልባሱ ላይ ምን ተጻፈ? ድምፅ፣ ይርጋ። ማሲንቆ፣ ይርጋ። ግጥም፣ የሕዝብ። እኔ ነኝ ሕዝብ? ይዤው ቤት ገብቼ ለሚስቴ ባሳያት "አንተ ሕዝብ ከሆንክማ መንግሥት ይውረድ" ብላ ሳቀችብኝ።

ሜላት፦ እኔም ልስቅ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።

ሞላልኝ፦ ሳቂ። ሬዲዮ ላይ ጋዜጠኛው "ግጥሙን ከየት ያመጡታል?" ቢለው "እንዲሁ ይመጣልኛል" አለ። እንዲሁ እኔ ነኝ። በእግሬ ነው የምመጣለት፣ ጭቃ እያቦካሁ። ደርሼ ከጎኑ ካልተቀመጥኩ አፉ አይፈታም። አንድ ቀን ወባ ይዞኝ ብቀር ያንኑ አንድ ግጥም ሦስቴ ዘፍኖ ሰው ተነስቶ ሄደበት።

ሜላት፦ እሳቸው ግን "እሱ የሚያስታውሰኝ የሕዝቡን ግጥም ነው፣ የረሳሁትን ነው የሚነግረኝ" ነው የሚሉት።

ሞላልኝ፦ ስለዚህ ነው እኮ አትንኪው የምልሽ። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ እዚሁ ይመጣሉ። አዲሱ ሥራ ሲወጣ ስሜ ይጻፍ አይጻፍ እነሱ ይፈርዳሉ። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ ወረቀት የለኝም፣ የጻፍኩትም ነገር የለም። ያለኝ እዚያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ እኔ ስለው፣ ቀጥሎ እሱ ሲቀበል። ያንን ከሰሙ ያልቃል። ካጠፋሽው ግን ቅዳሜ እኔ እለፈልፋለሁ፣ እሱ ይስቃል፣ ሽማግሌዎቹ እግዚአብሔር ይስጥልን ብለው ይሄዳሉ።

ሜላት፦ በስልክዎ ቀድተው ቢይዙትስ ብዬ ነበር።

ሞላልኝ፦ ይኸውልሽ ስልኬ። ደውሎ ከተነሳ እንኳ የሚገርመው እሱው ራሱ ነው።

ሜላት፦ እሺ ይቀመጡ። ይቀመጡ አልኩዎት እኮ። አንድ ነገር ላሳይዎት። ይህን ጥርስ ጥርስ የመሰለውን መስመር ያዩታል? ይህ ጋሽ ይርጋ ናቸው። ይህ ደብዘዝ ያለው እርስዎ ነዎት።

ሞላልኝ፦ እዚህም አሳነስሽኝ?

ሜላት፦ ማሽኑ ነው ያሳነስዎት፣ ያንሾካሾኩትን ነው የሳለው። አሁን ይህንን የእርስዎን ቆርጬ ሳወጣ የሳቸው ሁለት የዘፈን ክፍሎች ጫፍ ለጫፍ ይገናኛሉ። እንዲሁ ቢላተሙ "ጠቅ" የሚል ነገር ይሰማል። ስለዚህ የፊተኛውን ጫፍ እያደከምኩ፣ የኋለኛውን እያጎላሁ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አሳልፋለሁ። ክሮስፌድ ነው የምንለው። ይህች የተቆላለፈች መስመር እሷ ናት።

ሞላልኝ፦ ሰውም ሲጠፋ እንዲሁ ዝግ ብሎ እንዲጠፋ ነው የምታደርጉት በይኛ። ጠቅ እንዳይል።

ሜላት፦ ይስሙኝማ። ሳጸዳ መጋጠሚያዎቹ እንዳይበላሹ ኮምፒውተሩን "ከግራና ከቀኝ ትንሽ ትርፍ አስቀርልኝ" እለዋለሁ። ምን ያህል የሚለው በእኔ እጅ ነው። ግማሽ ሰከንድ ካልኩት መጋጠሚያው ብቻ ይተርፋል፣ ከእርስዎ ምናልባት አንዲት ፊደል። አሥር ሰከንድ ካልኩት ግን ከእያንዳንዱ መጋጠሚያ በፊት ያለው የእርስዎ ግጥም ሙሉውን ይቀመጣል። ዘፈኑ ላይ አይሰማም፣ ግን ገልጬ ላሰማ ስፈልግ አለ።

ሞላልኝ፦ ለመዝሙሩስ ቦታ ይተርፋል?

ሜላት፦ ይተርፋል። ቦታውን የበላው የማሲንቆው መቃኘትና የእናንተ ወሬ ነው እንጂ ግጥሙ አይደለም።

ሞላልኝ፦ ታዲያ ከበሩ ጀምሮ ለምን ታንገላቺኛለሽ? አሥር በይው።

ሜላት፦ ጋሽ ይርጋ "ከቅዳሜ በፊት አጥብቀሽ ቁረጪው" ብለውኛል።

ሞላልኝ፦ ከቅዳሜ በፊት።

ሜላት፦ አዎ።

ሞላልኝ፦ እንግዲህ ያውቃል። ያውቃል ማለት ነው ምን እንዳለ። አየሽ፣ ባያውቅ ኖሮ አያጣድፍሽም ነበር። አጥብቀሽ ሲልሽ ስንት ሰከንድ ብሎሻል?

ሜላት፦ ቁጥር አልነገሩኝም።

ሞላልኝ፦ ካልነገረሽማ ጥብቅ ማለት ላንቺ አሥር ነው።

ሜላት፦ ግጥም መስጠት ብቻ አይደለም የሚችሉት። እሺ። ቆይ፣ አሥር ሰከንድ ይበቃ እንደሆን አንዱን ልሞክረው። ዝም ይበሉና ይስሙ።

ሞላልኝ፦ ይቺ የኔ ናት። ስሚያት፣ ስሚያት። "ደጅሽ ስመላለስ ማንም ሰው ሳያየኝ፣ አንቺ ሳታውቂኝ ውሻሽ ተላመደኝ።" በሹክሹክታም እንኳ ታምራለች። ይኸው፣ አሁን እሱ ገባ። ቃል በቃል ነው። አንዲት ነገር አልነካም። ማነው ቀድሞ ያለው?

ሜላት፦ እርስዎ።

ሞላልኝ፦ ጮክ ብለሽ በይልኝ።

ሜላት፦ እርስዎ ነዎት ጋሼ። ቀድቼ ሳበቃ ሳስተካክላት እኔም ወድጃት ነበር። የሳቸው ነበረች የመሰለችኝ፣ ከፊቷ ያለውን ሳልሰማ።

ሞላልኝ፦ ሁሉም ሰው ሳይሰማ ነው። በይ አሁን ወንዙን አሰሚኝ።

ሜላት፦ አንዷ ትበቃለች። አሥር ሰከንድ በቂ ነው፣ አየነው።

ሞላልኝ፦ ወንዙን። ቅዳሜ መጀመሪያ የማሰማው ወንዙን ነው። እዚህ ከቀዳነው ወዲህ፣ ከክረምት ጀምሮ በየሠርጉ የሚዘፈነው እሱ ነው። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ይዘፍነዋል። ወንዙ ካለኝ ሌላውን ሁሉ ቢወስደው ግድ የለኝም።

ሜላት፦ ጋሼ፣ ልጆቹ አሁን ይደርሳሉ።

ሞላልኝ፦ መዘምራን ታጋሽ ናቸው። ምን ሆነሽ ነው እጅሽ የከበደሽ? ለሽማግሌዎቹ ነግሬያለሁ። ለልጄ ባልም ነግሬያለሁ፣ ያ ሰው እኔን ሰው አድርጎ ያየው ከዚያ ወዲህ ነው። "ወንዙ ሞልቶ ነበር ሰውን የሚበላ፣ ስምሽን ብጠራው ሸሸ ወደ ኋላ።" ይህን ያለ ሰው ከምሰሶ ጀርባ ይቀመጣል?

ሜላት፦ አይቀመጥም።

ሞላልኝ፦ እንግዲያው ክፈቺው።

ሜላት፦ እንዳይቆጡኝ።

ሞላልኝ፦ ለምን እቆጣሻለሁ? ክፈቺው። ይኸው፣ ጉሮሮዬን ስጠርግ ይሰማል... ምንድነው ይሄ?

ሜላት፦ እርስዎ ነዎት።

ሞላልኝ፦ ወደ ኋላ መልሺው።

ሜላት፦ ይኸው።

ሞላልኝ፦ "ወንዙ ሞልቶ ነበር ዛሬ ጠዋት ጠዋት፣ አንቺን ብዬ ገባሁ ሳልፈራ መዋኘት።" ይህን ማን አለው?

ሜላት፦ ድምፁን ያውቁታል ጋሼ።

ሞላልኝ፦ መዋኘት? እኔ መዋኘት አልልም። ዋናም አልችልም።

ሜላት፦ ቀጥሎ ጋሽ ይርጋ ናቸው። እርስዎ ሳይጨርሱ ነው የገቡት። "ሰውን የሚበላ" ብለው።

ሞላልኝ፦ ቀጥለሽው ነው። እዚያ መሀል የኔን ቆርጠሽ ሌላ ቦታ የነበረ ነገር አምጥተሽ ለጥፈሽበታል። ልትችይ ትችያለሽ፣ አሁን አስተምረሽኛል።

ሜላት፦ ይምጡ፣ መስመሩን ይዩት። እዚህ ጋ መቆላለፊያ አለ? የለም። የተቆረጠ ነገር የለም። እንደተቀዳ ነው የሚሄደው። የእርስዎ "መዋኘት" መጨረሻና የሳቸው "ወንዙ" መጀመሪያ አንድ ላይ ነው የወጣው። የኔ መጋጠሚያ ከዚህ በኋላ ነው የሚነሳው።

ሞላልኝ፦ እንደገና።

ሜላት፦ ሦስተኛዎ ነው። ራስዎን ባያሰቃዩ።

ሞላልኝ፦ እንደገና አልኩሽ።

ሜላት፦ ይኸው።

ሞላልኝ፦ አፌ ላይ ነው እኮ ያለችው። ስተኛ አፌ ላይ ናት፣ ስነሳ አፌ ላይ ናት። ሌላ ሰው የሰጠኝ ነገር እንዲህ አይቀመጥም ነበር።

ሜላት፦ ከክረምት ጀምሮ በየሠርጉ ከጎናቸው ተቀምጠው በጆሯቸው የሚሰጧቸው እርስዎ ነዎታ። ስንት ጊዜ ብለዋታል? እኔም እርስዎን ብሆን የኔ ትመስለኝ ነበር።

ሞላልኝ፦ አታባብይኝ።

ሜላት፦ አላባበልኩም።

ሞላልኝ፦ የልጄ ባል ወዳጆቹን ሰብስቦ "የወንዙ አማቼ ናቸው" እያለ ነው የሚያስተዋውቀኝ። የወንዙ። እንግዲህ ምን ሊለኝ ነው? የመዋኘቱ?

ሜላት፦ ሌሎቹ ግን የእርስዎ ናቸው። የውሻዋ የእርስዎ ናት። ከዚያ ወዲህ የቀዳንባቸውን ሁለት ቀናት ሙሉ ሰምቻቸዋለሁ፣ ከወንዙ በቀር የሌላ ሰው የለም።

ሞላልኝ፦ የሚዘፈነው እኮ እሱ ነው። ሌሎቹን ማን ያውቃቸዋል? ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሁሉን ይሰማል ብለሽ ነው? አንዱን ይሰማል፣ ይስቃል፣ ይነሳል... ስሚኝ ሜላት። አሥር ሰከንዱ ይቅር ሳልልሽ፣ ይህችን አንዷን ብቻ ቁረጪልኝ።

ሜላት፦ ቁጥሩ ለሁሉም አንድ ነው ጋሼ።

ሞላልኝ፦ በእጅሽ። በእጅ አይቻልም?

ሜላት፦ ይቻላል።

ሞላልኝ፦ እንግዲያ ምን ያዘሽ?

ሜላት፦ ቁጥር ሰጥቼ ማሽኑ ሲቆርጥ ማንም አይጠይቀኝም። ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። አንዷን ለይቼ በእጄ ካወጣሁ ግን ፈራጇ እኔ ሆንኩ። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ "ሌላው ሁሉ እያለ ይቺ ለምን ጎደለች?" ቢሉኝ ምን እላለሁ? ለእርስዎ ዋሸሁ ነው? የያዝኩት የሰው ድምፅ ነው ጋሼ። ሁሉን ላስቀር እችላለሁ፣ ሁሉን ላጠፋ እችላለሁ። መርጬ አላጠፋም።

ሞላልኝ፦ ለይርጋ ቢሆን ትመርጪ ነበር።

ሜላት፦ ቁጥሩን ይንገሩኝ ጋሼ።

ሞላልኝ፦ እኔ መቼም ለሰው ሁሉ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ግድ የለም። አጥፊው።

ሜላት፦ ምኑን?

ሞላልኝ፦ ሁሉን። ግማሽ ሰከንድ በይው። የውሻዋንም፣ የሌላውንም፣ ሳሌንም። ከዋናተኛነት ሕዝብነት ይሻለኛል። ሕዝብ ቢያንስ ስሙ አይጠራም።

ሜላት፦ ተቆጥተው ነው የሚሉት።

ሞላልኝ፦ ተቆጥቼ ያላልኩት ነገር አለኝ? ቅዳሜ አልመጣም። አሞኛል በይልኝ። ይርጋ ደስ ይበለው፣ ልባሱም ላይ ምን ቢጽፍ አላየውም፣ ልጄም ባሏም... እነሱ ወንዙ የኔ ነው እንዳሉ ይኖራሉ። ማን ይነግራቸዋል? ድምፁ ከጠፋ ማንም አያውቅም። እኔና አንቺ ብቻ ነን። ጫኚው።

ሜላት፦ ጋሼ።

ሞላልኝ፦ ጫኚው አልኩሽ እኮ። መጀመሪያ አትንኪው ስልሽ አልሰማ አልሽ፣ አሁን ንኪው ስልሽ እምቢ አልሽ። ሴቶች ሁላችሁም...

ሜላት፦ እኔና እርስዎ ብቻ አይደለንም።

ሞላልኝ፦ ምን ማለት ነው?

ሜላት፦ ጠዋት ጋሽ ይርጋ መጥተው ነበር።

ሞላልኝ፦ አጥብቀሽ ቁረጪ ሊልሽ።

ሜላት፦ ከዚያ በፊት አንድ ነገር በፍላሽ አስገልብጠውኝ ሄደዋል። ባለሥራው ናቸው፣ መከልከል አልቻልኩም። ከበሩ ጀምሮ ልነግርዎት ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ።

ሞላልኝ፦ ምኑን አስገለበጠሽ?

ሜላት፦ ወንዙን። ከእርስዎ ጉሮሮ መጥረግ ጀምሮ።

ሞላልኝ፦ ያንን ብቻ?

ሜላት፦ ያንን ብቻ። "ሌላው አያስፈልገኝም፣ ሌላውን ከቅዳሜ በፊት አጽጂው" አሉኝ።

ሞላልኝ፦ ስትገለብጪለት ሳቀ?

ሜላት፦ ይህን ለምን ይጠይቁኛል?

ሞላልኝ፦ ሳቀ ወይ ነው ያልኩሽ።

ሜላት፦ "መዋኘት" የሚለው ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ሞላልኝ፦ አዎ። እሱ ነው። ያን ያህል ዓመት ከጎኑ ተቀምጬ አላውቀውም ማለት አልችልም። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ቁጭ ያደርጋል፣ እኔ እንደ ሞኝ "ወንዙን አሰሙልኝ" እስክል ይጠብቃል። ከዚያ ከኪሱ ያወጣዋል። "ይኸውላችሁ፣ ሰውዬው የሚሰጠኝ እንዲህ ያለውን ነው፣ አቃንቼ የምዘፍነው እኔ ነኝ" ሊል ነው። ሌላው ከጠፋ ደግሞ በምድር ላይ የቀረው የኔ ድምፅ መዋኘት ብቻ ነው።

ሜላት፦ ለዚህ ነው ጫኚው ሲሉኝ ያልጫንኩት።

ሞላልኝ፦ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ሜላት፦ ሥራዬ ነው ጋሼ። እናቴን የማስታምመው በዚህ ወንበር ነው። ለእርስዎ ነገርኩዎት ማለት እርስዎ ደግሞ በቁጣ ለሳቸው ይነግሩብኛል ብዬ ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ።

ሞላልኝ፦ እኔ ሰው ላይ አልናገርም። የሚናገርልኝ ጠፍቶ ነው እንጂ።

ሜላት፦ ደረጃው ላይ ናቸው፣ ይሰማዎታል? ከበሮውን ይዘው እየወጡ ነው። ቦታ ከሌለኝ ዛሬ መቅዳት አልችልም። አንዱን ይበሉኝ። ግማሽ ካሉኝ ግማሽ፣ አሥር ካሉኝ አሥር። ከጫንኩት በኋላ ግን መመለሻ የለውም። አሥር ካልኩት መዋኘቱም ይቀራል፣ ይህን እያወቁ ይበሉኝ።

ሞላልኝ፦ የውሻዋም ይቀራል?

ሜላት፦ የውሻዋም፣ ስለ ጨረቃ ያሉትም፣ ስለ እናትዎ ያሉትም ግጥም። ሁሉም።

ሞላልኝ፦ ስታሰሚያቸው ልክ እንደዚሁ ተራውን ጠብቆ ነው የሚሰማው? እኔ፣ ቀጥሎ እሱ፣ እኔ፣ ቀጥሎ እሱ?

ሜላት፦ እንደተቀዳው። የፈለጉትን ቀድሜ መክፈት ግን እችላለሁ። ከየትኛው ልጀምር ብዬ የምጠይቀው ከሳሹን ነው፣ ከሳሹ እርስዎ ነዎት።

ሞላልኝ፦ አሥር በይው። ቅዳሜም መጀመሪያ ወንዙን ክፈቺልኝ፣ እሱ እጁን ኪሱ ሳይከት በመዋኘቴ እኔው ቀድሜ አስቄያቸው፣ ወንዙን ለይርጋ ሰጥቼው፣ የቀረውን የኔን አንድ በአንድ ከእጁ እቀበለዋለሁ።